ፍቅር እስከ መቃብር ወይስ ኦሮማይ?

«ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?» ስባል ሁለት ስም እጠራለሁ። ትራስጌዬ ያሉት እነዚህ ናቸው። ጥያቄው ይቀጥላል፦ «የቱ ይሻላል?»

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። አይቸኩልም። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን እስኪያገኛት ድረስ መጀመሪያ የወላጆቹን ትዳር፣ ከዚያ ስለቱን፣ ከዚያ ትምህርቱን ታነባለህ። እውነት ለመናገር ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼው ነበር። ጉዱ ካሳ ሲመጣ ግን መተው የለም። ሰው እብድ የሚለው እሱ፣ የባላባቱን ሥርዓት ሲተች ከሁሉም ጤነኛው ሆኖ ቁጭ ይላል። ጫፉን ያጠፍኩት ገጽ ሁሉ የእሱ ንግግር ያለበት ነው። የፍቅረኞቹ አይደለም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ሌላ ዓለም ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ራሱ ይተርካል። ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰሞን አስመራ ይወርዳል፤ ፊያሜታ ጊላይን ይተዋወቃል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመዋል! ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ምልልሱ ፈጣን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሬ እሁድ ማታ ጨረስኩት። የቀዳሁት ቡና ሳልነካው ቀዘቀዘ። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ ሲያነቡት ቀልዱ እንኳ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ልብ ወለድ ካነበብክ ከቆየህ በኦሮማይ ጀምር። ሌላኛውን ለክረምት አቆየው፤ ዝናብ ይፈልጋል።