ጎንደር ላይ እህቴ የወለደችበት ጤና ጣቢያ፦ የአራሶች ክፍሉ እንዴት ነበር?

ታናሽ እህቴ ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወለደች። ሴት ልጅ ናት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ እግሯ ሥር ተቀምጬ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። የማመሰግናቸውም የምወቅሳቸውም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠሩት። ደግሞ የምነግራችሁ ነገር የትም ብትወልዱ ይጠቅማችኋል።

ሰው ስለ ማዋለጃ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለ ምጡ ነው። ሐኪም አለ ወይ፣ ኦፕራሲዮን ይሠራሉ ወይ፣ አምቡላንስ ይመጣል ወይ። ልጅ ከተወለደና እልልታው ከቀለጠ በኋላ ሁሉም ወደ ሕፃኑ ይዞራል፣ ማንን ትመስላለች፣ ስንት ኪሎ ናት፣ ስሟ ማን ይባል። አራሷ ደክሟታል፣ ትተኛ ተብላ ትተዋለች። ለካ ብዙ እናቶች የሚሞቱት ከወለዱ በኋላ ነው። በተለይ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ያስፈራሉ፤ ዋናው ምክንያት ደግሞ ደም መፍሰስ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በዚያ ሌሊት ነው።

እህቴ የተገላገለችው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ እንደወጣች ጭኗ ላይ መርፌ ወጓት፤ ኦክሲቶሲን ይባላል፣ ማህፀን እንዲኮማተር የሚሰጥ ነው። የእንግዴ ልጁም ብዙ ሳይቆይ ወጣ። ትንሽ ስፌት ነበራት። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርገውላት ወዲያው ጡት አስጀመሯት። ከዚያ አምስት አልጋ ወዳለበት የአራሶች ክፍል ተዛወርን።

የሌሊቱ ተረኛ ወጣት አዋላጅ ነርስ ነበረች። በየ15 ደቂቃው ትመጣለች። መጥታ ቆማ አታይም። ጋቢውን ትገልጣለች፣ እጇን እምብርቷ አካባቢ ታሳርፍና ጫን ትላለች፣ ከዚያ ሞዴሱን ታያለች። ደም ግፊት ትለካለች፣ የልብ ምቷን ትቆጥራለች፣ ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስፌቱን በሞባይሏ መብራት አየችው። ባቷንም ጫን ጫን እያለች «እዚህ ጋ ያምሻል?» ብላ ጠየቀቻት፤ ለካ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ነው። እህቴ መረራት። «ኧረ በማርያም፣ ልተኛበት!» አለቻት። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ ይቺን ብቻ» ትላለች፣ ግን አትተውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ውስጤ ተናዶ ነበር። ልጅቷ ገና ከሥራው አዲስ ስለሆነች ነው እንዲህ የምታበዛው ብዬ ነበር።

እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል እንደ ልማዷ ጫን አለችና እጇ እዚያው ቀረ። ዝም አለች። ከዚያ «እስኪ እጅሽን አምጪ» ብላ የእኔን እጅ ይዛ እህቴ ሆድ ላይ አደረገችው። ሊጥ የነካሁ ነው የመሰለኝ። ልል ያለ፣ ከእምብርቷ በላይ ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነገር። «እንዲህ መሆን የለበትም። እንደ ኳስ ጠንክሮ፣ መሐል ላይ፣ እምብርቷ አካባቢ ነው መቀመጥ ያለበት» አለችኝ። ሞዴሱን ስታየው ርሷል። ከቀየርንላት ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

«ከሸናሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?»

እህቴ ከምጡ ጀምሮ አልሸናችም። ስፌቱን ያቃጥለኛል ብላ ፈርታ ይዛዋለች፣ ለማንም አልተናገረችም። ለካ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ወደ ላይና ወደ ጎን ይገፋውና እንዳይኮማተር ያደርገዋል። ማህፀን ካልተኮማተረ ደግሞ የእንግዴ ልጁ የተላቀቀበት ቦታ ላይ ያሉት የደም ሥሮች አይዘጉም፣ ደሙ ዝም ብሎ ይፈስሳል። ይህን እያስረዳችኝ እጇ ግን አላረፈም፣ ሆዷን እያሸች ነው። ፖፖ አመጣች። ክፍሉ መጋረጃ የለውም፤ እኔ ነጠላዬን ዘርግቼ ጋረድኳት። ሲስተር ከፔርሙዛችን ለብ ያለ ውኃ አዘጋጅታ ቀስ እያለች አፈሰሰችላት፣ ማቃጠሉ ይቀንሳል ብላ። እህቴ ሸናች፣ ብዙ ሸናች። ወዲያው ደግሞ እንቁላል የሚያክል የረጋ ደም ወጣ። ሲስተር ማሸቷን ቀጠለች፤ ከትንሽ ደቂቃ በኋላ እጄን እንደገና ወስዳ አስነካችኝ። ጠንክሯል። ወርዷል። መሐል ላይ ነው።

ተቀመጥኩ። እግሬ ከድቶኝ ነው የተቀመጥኩት።

በሕክምና ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ከፈሰሰ አደጋ ነው ይባላል። ግማሽ ሊትር ማለት ትንሿ የሃይላንድ ጠርሙስ ናት። ጠርሙስ ውስጥ ስታዩት ይገባችኋል፤ ሞዴስና አንሶላና ጋቢ ላይ ሲከፋፈል ግን ለዓይን ምንም አይመስልም። እህቴ እኮ አላመማትም ነበር፤ ትንሽ ብርድ ብርድ አለኝ ነው ያለችው። እጅ ባይነካት ኖሮ እኔ ጋቢ ደርቤላት አስተኛት ነበር።

ለዚህች ሌሊት አምስት ኮከብ አይበቃም። ሲስተርዬ፣ ስምሽን ባልጽፈውም ታውቂያለሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሊነጋጋ ሲል አክስታችን ከማራኪ ገንፎና አጥሚት ይዛ ደረሰች። እንደገባች የእህቴን ጡት አየችና «እንገሩ ይታለብና ይደፋ እንጂ፣ ለልጅ ሆድ አይሆንም» አለች። ሲስተር አልተቆጣችም። «እመይቴ፣ ይቺ ቢጫዋ እኮ የልጅቷ የመጀመሪያ ክትባት ናት፣ ጠብታዋ እንዳትባክን» ብላ ጎንበስ ብላ ሕፃኗ ጡቱን በደንብ እንድትይዝ አስተካከለቻት፤ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም አብራ እንድትጎርስ። አክስቴ ትንሽ አጉረመረመች፣ ግን ተቀበለች። በቁጣ ቢሆን ኖሮ ቤት ስንገባ አልባ ትደፋው ነበር።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልምጣ። 2 ሰዓት ላይ ተረኛ ተቀየረ። የቀኗ ነርስ በሩ ላይ ቆማ «ደህና ናችሁ?» አለች። አምስታችንም አልጋ በአንድ ድምፅ «ተመስገን!» አልን። ሄደች። እስክንወጣ ድረስ የተደረገልን ምርመራ ይህ ነው።

እስኪ አስቡት። እኛ አገር ደህና ነሽ ስትባል ተመስገን የማይል ማን አለ? ሰው የሞተበትም ተመስገን ነው የሚለው። ከእኛ ሁለት አልጋ ወዲያ ከደምቢያ በኩል በአምቡላንስ የመጣች እናት ነበረች፤ አስታማሚዋ ስንቅ ልታመጣ ወጥታ ብቻዋን ነበረች። እሷም ተመስገን አለች። በኋላ ውኃ ላቀብላት ስጠጋ ሞዴሷ ሞልቶ ፍራሹ ድረስ ርሷል። ለምን አልተናገርሽም ብላት «ማስቸገር እንዳይሆንብኝ» አለች። እኔ ነኝ ሮጬ ነርሷን የጠራኋት። መጥታ አየቻት፣ አሸችላት፣ ደግነቱ ቆመ። አራስን መጠየቅ ጥሩ ነው፣ ግን አራስ አትናገርም። ታፍራለች፣ ትፈራለች፣ ደክሟታል። እጅ ነው መምጣት ያለበት።

ነርሷን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ምጥ ላይ ያሉትንም አራሶቹንም የያዘችው እሷ አንዷ ነበረች፤ ከማዋለጃው «ሲስተር! ሲስተር!» ሲባል እየሰማሁ ነው። ይህን የሚያስተካክለው ተረኛ የሚመድበው ሰው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከእናቶች 48 በመቶው ጤና ተቋም ወልደዋል፣ በሁለት ቀን ውስጥ የድኅረ ወሊድ ምርመራ ያገኙት ግን 34 በመቶ ናቸው። እዚያች ክፍል ተቀምጬ እንዴት እንደሆነ ገባኝ።

6 ሰዓት ላይ «አልጋ ያስፈልጋል፣ ውጡ» ተባልን። ከወለደች 14 ሰዓቷ ነው። መቆየት ያለባት ቢያንስ 24 ሰዓት ነው። ከመውጣቷ በፊት ደም ግፊቷ አልተለካም። ልለምናቸው ይገባ ነበር፣ አልለመንኩም፤ ቤት ደርሳ በገዛ አልጋዋ ትተኛ ብዬ እኔም ቸኩያለሁ። ሲስተር ተረኛነቷን ስትጨርስ ግን ጠርታኝ የነገረችኝን በጣቴ እየቆጠርኩ ይዤ ነበር፦ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ትኩሳት ካላት፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማትና ዓይኗ ብዥ ካለባት ሌሊትም ቢሆን አምጫት።

በአራተኛው ቀን ማታ ራሷን አመማት። ቤቱ ሙሉ «ምች ነው» አለ። ዳማ ከሴ ተቆርጦ ታሸ፣ አሸተተችው፣ ግንባሯ ላይ ታሰረላት። አልለቀቃትም። ከዚያ እህቴ «መብራቱ ለምንድነው የሚደበዝዘው?» አለች። መብራቱ አልደበዘዘም። ያኔ ነው ማንንም ሳልጠይቅ ባጃጅ የጠራሁት። አክስቴ አራስ በሌሊት አትወጣም፣ ብርድ ይመታታል ብላ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ በሁለት ጋቢ ጠቅልዬ ልጇንም ይዘን ሄድን።

ሆስፒታል ስንደርስ ደም ግፊቷ 160 በ110 ነበር። በእርግዝናዋ ጊዜ አንድም ቀን ከፍ ብሎ አያውቅም። ግፊቱ ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊመጣ እንደሚችል፣ ሳይታከም ከቀረ እንደሚያንቀጠቅጥ ያን ሌሊት ነው የሰማሁት። የግፊት መድኃኒት ሰጧት፣ እንዳያንቀጠቅጣት ደግሞ ማግኒዥየም ጀመሩላት። እዚህ ያየሁት የነርሶች ክትትል አስደንቆኛል። በየጊዜው መጥተው ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ ያደርጋሉ፣ ትንፋሿን ሰዓት አይተው ይቆጥራሉ፣ ሽንቷን ይለካሉ። መዶሻው ምንድነው ብዬ ስጠይቅ፣ መድኃኒቱ ከበዛባት መጀመሪያ የሚጠፋው የጉልበቷ ምላሽ ነው፣ ከዚያ ወደ ትንፋሽ ይሄዳል አሉኝ። አንድ ሙሉ ቀን እንዲህ ጠበቋት። ልጇንም አልለዩባትም።

እዚያው አንዲት ጠና ያለች ነርስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ማንኛችንም ያልጠየቅናትን ጠየቀቻት። «ልጅሽ ስትተኛ አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል? ስታያት ምን ይሰማሻል?» እህቴ ዝም ብላ ቆይታ አለቀሰች። ለሦስት ቀን ሆድ ሲብሳት ነበር ለካ፣ እኛ ቤት እንግዳና ገንፎ እያስተናገድን አላየናትም። ነርሷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ እናቶችን እንደሚያጋጥም፣ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን መታየት እንዳለበት ነገረችን። አሁን ቀለል ብሏታል።

ስለ ሌላው ባጭሩ። መንግሥት ተቋም ስለሆነ ለማዋለዱ አልከፈልንም። ሞዴስ ከውጪ ነው የገዛነው፣ ከምታስቡት በላይ ያዙ። ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ለተሰፋች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ አንድ ጀሪካን ውኃ ይዛችሁ ግቡ። የጎንደርን የሌሊት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ጋቢ አይበቃም። ለመጋረጃ የሚሆን ሰፊ ነጠላም አትርሱ። ጠያቂ ይበዛል፣ አራት አምስት ሆኖ አልጋው ላይ ይቀመጣል፤ ይህን ቢቆጣጠሩት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጎንደር እንደ ፈረንጆቹ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ሕዝቡ መሐል ወርደው የሚሠሩ የኮሚኒቲ ነርሶችን ያሠለጠነች ከተማ ናት። የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሰባተኛው ቀን ቤታችን ድረስ መጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ሆዷን ዳስሳ ማህፀኑ ወደ ታች መውረዱን አይታ፣ የሕፃኗን እትብት አይታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ቢሆን ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር፤ ክትትሉ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ግፊቷን የለካ ቢኖር የአራተኛውን ሌሊት ሩጫ አንሮጥም ነበር ይሆናል።

ስለዚህ ለጤና ጣቢያው፦ ለሌሊቱ አምስት ኮከብ፣ ለጠዋቱ ሁለት ኮከብ። እዚያ የምትወልዱ ካላችሁ ጠዋት ላይ «ተመስገን» አትበሉ፣ «እስኪ ሆዷን ንኪልን፣ ግፊቷንም ለኪልን» በሉ። አይቆጡም፤ እኔ በኋላ ሄጄ አንዷን ስነግራት «ልክ ነሽ» ነው ያለችኝ።

የስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ገና ነው፣ የሕፃኗ ክትባትም ያኔ ነው። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ። ከቀጠሮው ስንመለስ እንዴት እንደተቀበሉን እዚሁ ላይ እጨምርላችኋለሁ።