ሐይቅ መንገድ ላይ «የማሳደጊያ እንጉዳይ» ብለው የሚሸጡላችሁ ካሉ፣ አሸዋውን እዩ

ፍልሰታ ሲገባ እኛ ቤት የሥጋን ቦታ እንጉዳይ ይይዛል። ባለፈው ከሐይቅ ወደ ደሴ ስመለስ መንገድ ዳር አንድ ልጅ ፌስታል ዘረጋልኝ። «እታለም፣ ኦይስተር ነው፤ ዛሬ ከማሳደጊያው የወጣ።» ኦይስተር ሰው እያለማ የሚያሳድገው፣ የሚበላ እንጉዳይ ነው። ግማሽ ኪሎው 150 ብር። ደሴ ካለው ስለረከሰብኝ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ሳጥበው ሳፋው ሥር አሸዋ ዘቀጠ። ደግሜ አጠብኩ፣ አሁንም አሸዋ። መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነው። ኦይስተር የሚያድገው ጭድ በታጨቀበት ፌስታል ወይም በእንጨት ላይ ነው፤ አሸዋ ከየት ያገኛል? ደግሞም ዘለላ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ከቆቡ ሥር ያሉት ሽንሽኖች እግሩ ላይ ይወርዳሉ፤ እግሩ ላይ ቀለበት የለውም። የኔው ነጠላ ነጠላ፣ ባለቀለበት፣ እግሩም በቢላ የተቆረጠ ነበር።

ወንድሜ ግን አላስቻለውም፤ ጥቂት ጠብሶ በላ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትውከትና ተቅማጥ አጣደፈው። ግሉኮስ ተሰክቶለት አደረ፤ ተመስገን፣ አሁን ደህና ነው። እኔም ከቀረው አንዱን ቆብ ሽንሽኑን ወደ ታች አድርጌ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩና ብርጭቆ ደፍቼበት አሳደርኩት። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ከሽንሽኑ የረገፈ አረንጓዴ ብናኝ (የእንጉዳዩ ዘር)! የኦይስተር ብናኝ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው።

ከሁሉም ያናደደኝ የእግሩ መቆረጥ ነው። አማኒታ ከሚባሉት እንጉዳዮች ገዳዮቹ ከሚለዩባቸው ምልክቶች ዋናው እግራቸው ሥር ያለው ከረጢት መሰል ልባስ ነው፤ ሲቆረጥ እሱ አፈር ውስጥ ይቀራል። አሸዋ ላይ ደግሞ ይብሳል። አውሮፓ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የሚወጣ አንድ የእንጉዳይ ዝርያ እግሩ ተቀብሮ ከሣር ሥር ጋር ስለሚያያዝ፣ ቆፍሮ ያላወጣው ሰው የሚያየው ቆቡን ብቻ ነው። ስለዚህ እግሩ ሙሉ ያልሆነ እንጉዳይ አትግዙ።

«የብር ማንኪያ ካላጠቆረ ይበላል» የሚሉትን አትስሙ። የገዳዮቹን አማኒታዎች መርዝ መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም። ትውከቱ ከተበላ 6 ሰዓት አልፎ ከጀመረ የባሰ ያስፈራል፤ በሽተኛው ተሻለኝ ካለ በኋላ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል። የተረፈውን ይዛችሁ ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ።

በሳምንቱ ልጁን አገኘሁት። ገንዘቤን አልመለሰልኝም። «አሸዋ አይደለም፣ የመንገድ አቧራ ነው» አለኝ። በነሐሴ ዝናብ!