የጋለ ግራፊክስ ካርድ፦ ብሩን ፔስት ላይ፣ ፋን ላይ ወይስ ሌላ ካርድ ላይ?

በዚህ ወር ብቻ አራት ጓደኞቼ ያንኑ ጥያቄ ይዘው መጡ። "ጌም ስከፍት ፋኑ ይጮሃል፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ካርዱን ልቀይረው እንዴ?" ለአራቱም አንድ መልስ ሰጠሁ። አትቀይር። ጥሩ ፔስት፣ ማለትም በካርዱ ቺፕና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ግዛና ራስህ ቀባው።

ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ አለኝ። ጌም ላይ 84 ዲግሪ ይደርስ ነበር። አንድ ጥገና ቤት ወስጄ "ሠርቪስ" በሚል 1,500 ብር ከፈልኩ። ቤት ስመለስ 87 ሆነ። ከድጡ ወደ ማጡ። ካቻቪቴ አንስቼ ራሴ ፈታሁት። ቺፑ ላይ የተቀባው ፔስት ጭራሽ አልተጨፈለቀም፤ እንደተቀባ ጉብ ብሎ ቁጭ ብሏል። ሚሞሪዎቹ ላይ የነበረው ስስ ፓድ (ሙቀት ወደ ብረቱ የሚያስተላልፍ ለስላሳ ንጣፍ) ወጥቶ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ወፍራም ፓድ ገብቷል። ፓዱ የማቀዝቀዣውን ብረት ወደ ላይ ስለገፋው ብረቱና ቺፑ አልተገናኙም። የካርዴ ልክ 1 ሚሊ ሜትር ነበር። ፓድ ስትቀይሩ ውፍረቱን ሳትለኩ አትግዙ። ያልተበጠሰ ከሆነ ደግሞ ባለበት ተዉት።

አሁን ወደ ዋጋው። እነዚህ እኔ የተጠየቅኳቸው ናቸው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከሱቅ ሱቅ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ግራጫው ስም የለሽ ፔስት በትንሿ ሲሪንጅ 200 ብር። አርክቲክ ኤምኤክስ-4 የሚባለው ኦርጅናል ፔስት፣ ባለ 4 ግራሙ፣ 1,400 ብር። ጥንድ ፋን 3,500 ብር። ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ያገለገለ ካርድ 28,000 ብር።

1,400 ብር ለአንድ ሲሪንጅ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ግን እንቁጠረው። ለአንድ ካርድ ግማሽ ግራም ገደማ ይበቃል። ትንሽ ቢባክን እንኳ አራቱ ግራም ስድስት ጊዜ ይቀባል። አንዱ ጊዜ 233 ብር ገደማ መጣ ማለት ነው። ያቺ የ200 ብሯ ሲሪንጅ እኔ ጋ የበቃችው ለአንድ ጊዜ ነው፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ ሙቀቱ ተመልሶ ወጣ። ታዲያ ውዱ የቱ ነው? ሦስት ጓደኛሞች አዋጥታችሁ አንድ ኦርጅናል ብትገዙ ለእያንዳንዳችሁ 467 ብር ነው። 

ችግሩ ፎርጅዱ ነው። ካርቶኑ ቁርጥ ኦርጅናሉን የሚመስል ኤምኤክስ-4 በ600 ብር ገዝቼ አውቃለሁ። ስጫነው መጀመሪያ ቢጫ ዘይት ወጣ፣ ቀጥሎ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነገር። ኦርጅናሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው፣ ዘይቱ አይለይም። አርክቲክ እሽጉ ላይ የሚያደርገውን ኮድ በድረ ገጹ አስገብታችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ፣ ብሩን ሳትሰጡ አረጋግጡ። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው። "ከፔስት ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) ይሻላል" የሚላችሁም አይጠፋም። ጋሊየም አለበት፣ አሉሚኒየም ይበላል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ከወደቀች ካርዱ ሊቃጠል ይችላል። ለጀማሪ አልመክርም።

ፋን መቼ ነው የሚገዛው? ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በጣት ስታዞሩት ከተንገጫገጨ ወይም ቶሎ ከቆመ። ያኔ ፔስት ብቻውን አያድነውም። ነገር ግን በመልክ አትግዙ። ከጀርባው ያለውን ስቲከር አንብቡ፦ ሞዴሉ፣ ቮልቱ፣ አምፔሩ። የሽቦውን ቁጥርና የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትም አስተያዩ። አንዱ ጓደኛዬ በፎቶ ብቻ አይቶ ገዛ፣ ቀዳዳው አልገጥም አለ፣ 3,500 ብሩን ውሃ በላው።

ሌላ ያገለገለ ካርድ መግዛት ለእኔ የመጨረሻው ነው። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር ቀን ከሌት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ዓለም ላይ ተራገፉ። ከዱባይ ተወልውሎ የሚመጣ ካርድ ከእነሱ አንዱ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም። 28,000 ብር ከፍላችሁ የሌላ ሰው የደረቀ ፔስትና ያለቀ ፋን ልትወስዱ ትችላላችሁ። ያኔም ያው 1,400 ብሩ አይቀርላችሁም።

"አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ሆና ካርድ እንዴት ይግላል?" የሚሉኝም አሉ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስስ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ አለ። ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጡት።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሳንቲም የማያስወጣውን ሞክሩ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የካርዱን ቮልቴጅ ቀንሳችሁ ሙቀቱን የምታወርዱበት ፕሮግራም ነው፣ በነፃ ይወርዳል። ኮንትሮልና ኤፍ ስትጫኑ የቮልቴጅ መስመሩ ይከፈታል። የእኔን 1,850 ሜጋኸርዝ በ900 ሚሊቮልት ላይ አድርጌ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መስመር አግድም አስተኛሁት። ጌሙ ከዘጋባችሁ 25 ሚሊቮልት ጨምሩ። የካርዱን ሙቀት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዜድንም አውርዱና "ሆት ስፖት" (የቺፑ እጅግ የጋለው ቦታ) የሚለውን ከዋናው ሙቀት ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው። 25 እና 30 ከሆነ ፔስቱ አልቋል ወይም ብረቱ ቺፑን አልነካም፤ ቮልቴጅ መቀነስ ይህን አይፈታውም።

ለመፍታት ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ አልኮልና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። በቺፑ ዙሪያ ያሉትን አራት ብሎኖች በሰያፍ፣ ትንሽ በትንሽ አላሉ፤ ስትመልሱም እንዲሁ። ብረቱ አልላቀቅ ቢል አትጎትቱ። ብሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ፣ ካርዱን ሰክታችሁ ጌም ከፍታችሁ አሙቁት፣ አጥፉና ነቅላችሁ፣ ብሎኖቹን ፈታችሁ ሞቅ እንዳለ ቀስ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩት። ሲለቅም ቶሎ አታንሱት፣ ቀጭኗ የፋን ገመድ ከሥር ተያይዛለች። እኔ ላይ ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። ያ 87 የነበረው ካርድ 70 ሆነ፣ ቮልቴጁን ስቀንስ ደግሞ 65። ጥገና ቤት ከከፈልኩት 1,500 ብር መቶ ብር ያነሰ ነው ያወጣሁት፣ ሲሪንጁ ውስጥ ደግሞ ገና አምስት ጊዜ የሚቀባ አለ።