«ለአንተ ስል ነው» ብሎ በፈረንጆቹ የ2013 ጎማ ገጠመልኝ

ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ ጉልበቱ በሙሉ የኋላ ጎማ ላይ የሆነ ፈጣን መኪና ይዛችሁ ለበረዶ ልታዘጋጁ የምታስቡ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም አንድ ዶላር አትክፈሉ። ንዴቴ አልበረደም፤ ስለዚህ ጽሁፉ ቢሻክር ታገሱኝ።

የጋራዡን ስም አልጠራም። ሰውየውን ግን ታውቁታላችሁ። ገና ከመኪና ሳትወርዱ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ነው። ቡና ያስመጣል። «ፈረንጆቹ ጋ ብትሄድ ያራቁቱሃል» ይላል። ዋጋ ይጠራል፣ ራሱ በጠራው ዋጋ ይደነግጣል፣ ከዚያ «ለአንተ ስል» ብሎ ይቀንሳል። በካርድ ከሆነ ታክስ አለው፣ በዜል፣ ማለትም በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ከላካችሁለት፣ የለውም። ደረሰኝ ስትጠይቁት «በእኔና በአንተ መሃል?» ብሎ ይቀየማል። እንግዲህ እሱ ነው።

መኪናዬ በፈረንጆቹ የ2018 ሙስታንግ ጂቲ ናት፤ ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ያላት፣ ማለትም ለፍጥነት የሚሆን ጎማና ፍሬን የተገጠመላት። 460 የፈረስ ጉልበት አላት። ከፋብሪካ የወጣችበት ጎማ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ፣ ንጹህ የበጋ ጎማ ነው። ሞቃት አስፋልት ላይ ንክስ አድርጎ ይይዛል። ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ግን ላስቲኩ እየጠነከረ ይሄዳል። ከዜሮ በታች 7 አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ሊሰነጠቅም ይችላል። የበረዶ ጎማ ለእሷ ቅንጦት አይደለም። ያለሱ ከቤት ባትወጣ ይሻላል።

የሚያበሳጨው ደግሞ ሰውየው ሥራውን ማወቁ ነው። የነገረኝ ሁሉ ትክክል ነበር። «ሁለት ብቻ ገዝተህ ከኋላ እንዳታስገባ፤ ፊቱ መሪ አይሰማህም» አለኝ። እውነት ነው። «የኋላው ስፋቱ 275 ሚሊሜትር ነው፣ ለበረዶ ይሰፋል። በረዶ ላይ ጠበብ ያለ ጎማ ነው ቆርጦ የሚገባው። አራቱንም 255 በ40 በ19 አደርግልሃለሁ» አለ። ይህም እውነት ነው። «ቸርኬውን ላሳንስ እንዳትል፣ ፍሬንህ ትልቁ ብሬምቦ ነው፣ ትንሽ ቸርኬ አይገባለትም» አለ። በብርድ የጎማ ንፋስ እንደሚቀንስ፣ በየ10 ፋረንሃይቱ አንድ ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል እንደሚወርድ ሳይቀር አስረዳኝ። እንዲህ የሚያውቅ ሰው የጎማ ቀን ማንበብ አያውቅም ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሂሳቡ 850 ዶላር ሆነ። አዲስ ነው፣ ካርቶን ውስጥ የነበረ ዕቃ ነው አለኝ። (ጎማ በካርቶን ይመጣል እንዴ? ይሁን።) ጎማዎቹ በቅባት ተወልውለው ጥቁር ያበራሉ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ሳንቲም ብታስገቡበት ይውጠዋል። በዜል ስልክለት «ማስታወሻው ላይ እቁብ ብለህ ጻፍበት፣ ባንኩ እንዳይነዘንዘን» አለኝ። ይህችን እቁብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ በረዶ ጣለ። ተራራው ላይ ፍሪስኮ ከተማ ሥራ ነበረኝ፣ አይ-70 አውራ ጎዳናን ይዤ ወጣሁ። ፍሎይድ ሂል ቁልቁለቱ ላይ ፊት ለፊቴ የነበረው ከባድ መኪና ፍሬን ያዘ፣ እኔም ያዝኩ። ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን) ከእግሬ ስር እየተንገጫገጨ መኪናዋ ዝም ብላ ወረደች። ፍጥነቴ ከሰው ሁሉ ያነሰ ነበር። መኪናዋም ስኖው ሞድ ላይ ናት። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ እሷ ቀጥ ብላ ወረደች። የከባዱ መኪና የኋላ መብራት የፊት መስታወቴን ሊሞላው ሲል መንገዱ ዳር የተቆለለው በረዶ ያዛት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መከላከያዋ ተጫረ እንጂ ሰው አልተነካም።

በማግስቱ ወደ አንድ ትልቅ የጎማ መደብር ወሰድኳት። ልጁ መኪናዋን ሰቅሎ በስልኩ መብራት ከውስጥ በኩል ሲያይ ቆየ። ከዚያ «ና እስቲ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። በጎማው የውስጥ ጎን፣ ከፍሬኑ በኩል፣ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 4813። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። በፈረንጆቹ 2013፣ 48ኛው ሳምንት። ጎማዎቹ መኪናዋን በአምስት ዓመት ይበልጧታል! ልጁ ጥፍሩን ላስቲኩ ላይ ተከለበት፤ አልገባም፣ እንደ ሸክላ ሆኗል። በጥርሶቹ መሃል ደግሞ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አሉ። በቅባቱ ተሸፍነው ነበር የቆዩት። የሆነ መጋዘን ውስጥ ሳይነዱ ያረጁ ናቸው፣ ለዚህ ነው ጥርሳቸው ያላለቀው። ሚሽሊን ራሱ እኮ 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር ይላል።

ቀኑ ሙሉ ሆኖ የሚታተመው በጎማው አንድ ጎን ብቻ ነው። አራቱም ቀናቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ነው የተገጠሙት።

በነጋታው ጠዋት ጋራዡ ሄድኩ። ሰውየው አባቴን የሚያክል ነው፣ አንቱ እያልኩ ነው የማናግረው። ሁለት ጓደኞቹ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ፎቶውን አሳየሁት።

«ጋሼ፣ ይህ ቁጥር ምንድነው?»

መነጽሩን አደረገ። ስልኬን ራቅ አድርጎ አየና «የፋብሪካ ቁጥር ነው» አለ።

«ሳምንትና ዓመት ነው እኮ።»

«ኢንተርኔት አበላሻችሁ» አለ ስልኬን እየመለሰልኝ።

«እሺ፣ አራቱም ወደ ውስጥ የዞሩት ለምንድነው?»

«አጋጣሚ ነዋ! ጎማ ሲገጠም ማን ጽሑፍ ያነባል?»

ይሄኔ ጎማ የሚገጥመው ልጅ የብሎን መፍቻውን እንደያዘ ከውስጥ ብቅ አለ። አንድ ፍሬ ልጅ ነው፣ ከመጣ ገና ነው። አለቃውን የረዳ መስሎት ይሆናል። «ጋሼ፣ የሙስታንጉ ነው? ቁጥሩን ወደ ውስጥ አድርገው ብለውኝ አይደል እንዴ?» አለ። ፈገግ ብሎ። ሥራውን በትክክል እንደሠራ ሰው።

ሰውየው ልጁን ቀና ብሎ አላየውም። እኔንም አላየኝም። ስኒውን አነሳ፣ አንዴ ፉት አለ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ሂድ የዚያን ቶዮታ ዘይት ቀይር» አለው። ልጁ ሄደ። እኔ አሁን ያፍራል፣ አሁን የሆነ ነገር ይላል ብዬ እጠብቃለሁ። እሱ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

«ስማ ልጄ» አለኝ። «ችግሩ ጎማው አይደለም። በረዶ ላይ ሙስታንግ የሚነዳ ሰው ምን ጎማ ያድነዋል? አንተ ኮሮላ ነበር የሚበቃህ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አንደኛው «ፍጥነት ይወዳሉ፣ ጎማ ሲባል ሰልባጅ ያምራቸዋል» አለ። ሰልባጅ! 850 ዶላር የከፈልኩት እኮ ነኝ። አዲስ ነው ያለኝም እሱ ነው። ያስቀኛል ብሎ መሰለኝ ወደኔ እየጠቀሰ ደገመው።

ብሬን ልመልስልህ አላለም። «የተገጠመ ጎማ አይመለስም» አለ። ስለ ልጁ ንግግር ስጠይቀው «እሱ አማርኛ አይገባውም» አለኝ። ልጁ እኮ አሁን በአማርኛ ነው የተናገረው! ይህን ስለው ጓደኞቹ እንደገና ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ስልክ ተደወለለትና ፊቱን ከኔ አዙሮ ማውራት ጀመረ። ሌላ ደንበኛ ነው፤ «ለአንተ ስል ነው» ሲለው ሰማሁት።

እቁብ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። ባንክ ደወልኩ፤ ዜል እንደ ካርድ አይደለም፣ ራስህ አምነህ የላክኸውን መመለስ ከባድ ነው አሉኝ። ማስታወሻው ላይ ደግሞ እቁብ ተብሎ ተጽፏል። በግድ ያወጣሁት ደረሰኝ ላይ ያለው «ጎማ 4» ብቻ ነው። አዲስ አይል፣ የበረዶ አይል፣ ዓመት አይል። ያም ሆኖ ያለኝን ይዤ ለኮሎራዶ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታ አስገብቻለሁ። የፎቶዎቹ ቀን እንኳ ይረዳኛል።

ፖሊስ ቢያስቆመኝ ደግሞ አልፌ ነበር፣ እሱ ነው የሚገርመኝ። የኮሎራዶ የጎማ ሕግ ከመስከረም መባቻ እስከ ግንቦት መጨረሻ በፈረንጆቹ፣ አይ-70 ላይ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን፣ ጥርሱ ቢያንስ 3/16 ኢንች የሆነ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ይጠይቃል። ዕድሜ አይጠይቅም። የኔ ጥርስ ሙሉ ነበር። መንገድ ዘግቼ ብቆም ግን ቅጣቱ ከ650 ዶላር በላይ ነው፤ ያን ደግሞ ጋሼ አይከፍሉልኝም።

ለምትገዙት፣ ባጭሩ። ጎማው ቸርኬው ላይ ሳይወጣ መሬት ላይ እያለ በሁለቱም ጎን አገላብጣችሁ እዩት፣ አራት ቁጥሩን በስልክ አንሱት። ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ፈልጉ፤ ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ) የሚለው ብቻውን አይበቃም። ታክስም ቢኖረው በካርድ ክፈሉ። ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። አልጽፍም ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ፣ ቡናውንም አትጨርሱለት።