ጉልበት ብለን ወሰድናት፣ ወገብ ሆኖ ተገኘ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላላችሁ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ወላጅ ላላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከጥቅምት ጀምሮ ግራ ጉልበቴን አመመኝ ትላለች። እኛ ብርድ ነው አልን። ጎረቤት ሪህ ነው አለ። ወጌሻ አሻት። በኋላ መሀል ከተማ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ጉልበቷን ራጅ አነሷትና «መገጣጠሚያው ተበልቷል» ብለው መርፌ ወጓት። በ74 ዓመት ያልተበላ ጉልበት ከየት ይመጣል? ለውጥ የለም። ጭራሽ ደረጃ ስትወርድ እግሯ እየከዳት ሁለቴ ለትንሽ ተረፈች።

እዚህ ሰፈር ያለችው ትንሽ ክሊኒክ የወሰድኳት ለደም ግፊቷ ነበር። ዶክተሯ ግን እናቴ ከወንበር ስትነሳ አየቻት።

«እማማ፣ እግርዎን ምን ሆኑ? ሕመሙ የሚሄድበትን በእጅዎ ያሳዩኝ እስቲ።»

እናቴ መዳፏን ከወገቧ አንስታ፣ በጭኗ ፊት ለፊት አድርጋ ጉልበቷ ላይ አደረሰችው። በዚያ ሁሉ ወር ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔንም ጨምሮ።

ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። ሲሄዱ ይብሳል? ጎንበስ ሲሉ ይቀልልዎታል? ሽንት ያመልጥዎታል? ትኩሳት አለ? ክብደት ቀንሰዋል? የመጨረሻዎቹ የአከርካሪ ቲቢና ካንሰርን ለመጠርጠር እንደሆኑ በኋላ ነው የገባኝ። ዳሌዋን አዟዟረች፣ የእግሯን የደም ምት ዳሰሰች። በትንሿ መዶሻ ጉልበቷን መታ አደረገች። ቀኙ ፈንጠር አለ፣ ግራው ዝም። በጀርባዋ አስተኝታ እግሯን ቀጥ አድርጋ ስታነሳው ምንም የለም። በሆዷ አስተኝታ ጉልበቷን ስታጥፈው ግን እናቴ «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብላ ጮኸች።

ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ። የወገብ አጥንት 5 ነው፤ በመሀላቸው እንደ ትራስ ያለ ዲስክ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚንሸራተቱት የታችኞቹ ሁለቱ ናቸው። ያኔ ነርቩን ስለሚጫኑት ሕመሙ በጭን ኋላ አልፎ እግር ድረስ ይወርዳል። አዛውንቶች ላይ ግን ከወጣቶች ይልቅ ከፍ ያሉትም ይነካሉ። ያ ደግሞ በጭን ፊት ለፊት መጥቶ ጉልበት ላይ ይቆማል። የጉልበት በሽታ ይመስላል ማለት ነው።

እግሩ እየደከመ ስለሆነ ኤምአርአይ አዘዘች። «ፎቶው ብቻውን አይበቃኝም» አለችኝ። «በዚህ ዕድሜ ምንም የማያመው ሰው ወገብ ላይም ያበጠ ዲስክ ይታያል። ፎቶውና እግሩ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው የማምነው።» ውጤቱ መጣ፦ ዲስኩ የተንሸራተተው በ3ኛውና በ4ኛው አጥንት መሀል፣ በግራ በኩል ነው።

ወደ ነርቭ ሐኪም ላከችን። ቀዶ ጥገና አላስፈለገም፤ ፊዚዮቴራፒ ነው የታዘዘላት። ከፋርማሲ እየገዛን የምንሰጣትን ማስታገሻም ለግፊቷና ለኩላሊቷ ጥሩ አይደለም ብላ አስቆመችው። አሁን ጨርሶ ለቀቃት አልልም። ደረጃውን ግን መደገፊያውን ይዛ ብቻዋን ትወርዳለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ወረፋው ያሰለቻል፣ ምክንያቱም ዶክተሯ አንድ ሰው ይዛ ትቆያለች። በፌስታል ሙሉ መድኃኒት ይዤ ልውጣ የሚል ሰውም ይናደድባታል። ስሟን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጠይቁኝ። እናቴ እንደሆነ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ካልወሰድሽልኝ ብላ ሰቅዛ ይዛኛለች።