የመጀመሪያ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለመግዛት፦ የቲቪ ዲሽ፣ የሃይድሮጅን አንቴና ወይስ የጁፒተር ሽቦ?

ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቻይና ያለውን 500 ሜትር ስፋት ያለውን ፋስትን ነው። ጓሮ ውስጥ የሚተከልም ግን አለ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ግሮት ሬበር እ.ኤ.አ. በ1937 ግቢው ውስጥ 9 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዲሽ ሠርቶ ነበር። ዛሬ በጣም ቀሏል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ከሦስቱ አንዱም ፎቶ አያነሳም። የምታገኙት ከፍና ዝቅ የሚል መስመር ነው። የሳተርንን ቀለበት ማየት የሚፈልግ የመስታወት ቴሌስኮፕ ይግዛ።

ርካሹ ጣሪያ ላይ ያለው የቲቪ ዲሽ ነው። የሚገዛው ፋይንደር ብቻ ነው፤ የዲሽ ሠራተኞች ሳተላይት የሚፈልጉበት ያው ዕቃ። ዲሹን ወደ ፀሐይ ስታዞሩት መርፌው ይነሳል፣ ወደ ባዶ ሰማይ ስትመልሱት ይወርዳል። ለልጆች ድንቅ ነው። ከፀሐይ በኋላ ግን የሚያሳያችሁ ብዙ ነገር የለም። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ያለው መቀበያ) የሚቀበለው ከ10.7 ጊጋኸርዝ በላይ ስለሆነ ሃይድሮጅንን በእሱ አትሞክሩት።

የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። በጋላክሲያችን የተበተነው የሃይድሮጅን ጋዝ በ1,420 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በ21 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት፣ ይናገራል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኢወንና ፐርሴል ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1951 ሃርቫርድ ላይ መጀመሪያ ያገኙት ከመስኮት ውጭ ባሰሩት ሆርን (እንደ ቀንድ አፉ የሰፋ) አንቴና ነው። (ዝናብ ሲመጣ ውኃው በአንቴናው ገብቶ ላብራቶሪውን ያረጥብ ነበር።) እናንተ የሚያስፈልጋችሁ 1 ሜትር ያህል ዲሽ ወይም ከካርቶንና ከፎይል የተሠራ ሆርን፣ ለ1,420 የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማጉያ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባል ትንሽ የሬዲዮ መቀበያና ላፕቶፕ ነው። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል። ኤስዲአሩ በውጭ ገበያ ከ30 እስከ 40 ዶላር ነው፤ ማጉያው ትንሽ ይበልጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል።

ፍኖተ ሐሊብ አንቴናው ፊት ሲያልፍ መስመሩ መሃል ላይ ጉብታ ይወጣል። ወደ እኛ የሚመጣው ጋዝ ጉብታውን ወደ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ይገፋዋል፣ የሚርቀው ወደ ዝቅተኛው። ጋላክሲው ሲዞር በላፕቶፕ ታዩታላችሁ ማለት ነው። ለአገራችን ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው። የጋላክሲው መሃል ማታ ማታ ከፍ ብሎ የሚወጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያኔ ደግሞ ደመና ነው። የ21 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ደመናውን ከቁብም አይቆጥረው። ጉድለቱ ብዥታው ነው፦ 1 ሜትር ዲሽ በአንድ ጊዜ የሚያየው 15 ዲግሪ ገደማ፣ የ30 ሙሉ ጨረቃ ስፋት ያህል ነው።

ሦስተኛው በናሳ ሳይንቲስቶች የተጀመረው የሬዲዮ ጆቭ ፕሮጀክት ዓይነት ነው። በ20 ሜጋኸርዝ አካባቢ የጁፒተርንና የፀሐይን ፍንዳታ ያደምጣል። አንቴናው በምሰሶዎች ላይ የሚዘረጋ ሽቦ ነው፤ እያንዳንዱ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል። ኮንዶሚኒየም ላለ ሰው አይሆንም። የመብረቅና የኤሌክትሪክ መስመር ጫጫታም አብሮ ይገባል፣ ጁፒተርም በፈለገው ሰዓት ነው የሚጮኸው። ገጠር ሰፊ ግቢ ካላችሁ ብቻ።

ሁለተኛውን ለመረጠ፦ ገንዘብ ካጠረ ከዲሹ ቀንሱ፣ ከማጉያው አትቀንሱ። ማጉያውንም አንቴናው ሥር እሰሩት። ከረጅም ኬብል በኋላ ከገባ ደካማው ምልክት መንገድ ላይ ያልቃል።