የምጽአት ማንቂያ አፕ፦ ድምፁ ይቆይ፣ መርፌው ይውጣ

የጌታ መምጣት ምልክት ናቸው የሚላቸውን ዜናዎች በማንቂያ የሚልከውን ይህን አፕ አክስቴ ናቸው የላኩልኝ። «ስልክሽ ላይ ጫኚው፤ ጌታ ሲመጣ ተኝተሽ እንዳትገኚ» ብለው ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ፤ ተኝቼ የመገኘት ዕድሌ ከብዙ ሰው ያነሰ ነው። ግን አክስቴን እወዳቸዋለሁ፣ ጫንኩት። ለወራትም ተጠቀምኩበት። የአፑን ስም አልጠራም። መሰሎቹ ብዙ ናቸው፣ የምለውም ለአብዛኞቹ ይሠራል።

ግምገማ ስታነቡ የገምጋሚውን ሚዛን ማወቅ ጥሩ ስለሆነ አስቀድሜ የቆምኩበትን ልናገር። ክርስቶስ ተመልሶ እንደሚመጣ አምናለሁ። የኒቅያ ጸሎተ ሃይማኖት እንደሚለው፣ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ይመጣል። ስለዚህ አፑን ከውጭ ቆሜ ልስቅበት አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ይህ ነገር ጌታዋን በደንብ የምትጠብቅ ሰው እንድሆን ይረዳኛል ወይ?

ከጥሩው ልጀምር፤ ጥሩው በጣም ጥሩ ነውና። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በድምፅ አለው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም። አንባቢው አይጮኽም፣ አያለቅስም፣ ድራማ አይሠራም። ያነባል፣ በቃ። ከጀርባ ሙዚቃ የለም። ያቆማችሁበትንም ቦታ ያስታውሳል። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በዕረፍት ሰዓቴ ቁጭ ብዬ ስሰማ የታካሚ ደወል ከጮኸ ኢርፎኑን ነቅዬ ነው የምነሳው።

የንባቡ ቅደም ተከተልም የታሰበበት ነው። ስለ ምጽአት ሲነሳ ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ራእይ ይሮጣል። ይሄኛው በተሰሎንቄ መልእክቶች ይጀምርና ወደ ማቴዎስ 24 እና 25፣ ሉቃስ 12፣ ቲቶ፣ ያዕቆብ 5፣ ሁለተኛ ጴጥሮስ ይሄዳል። ራእይ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያዘጋጀው ሰው እጁ ይባረክ።

አንደኛ ተሰሎንቄን ሳታቋርጡ ስሙት። ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ50 አካባቢ የጻፈው ነው፤ እጃችን ላይ ካሉት መልእክቶቹ ከቀደምቶቹ አንዱ። አምስት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። አምስቱም ምዕራፎች ወደ መጨረሻቸው ሲደርሱ የጌታን መምጣት ያነሳሉ። ቁጥር በቁጥር ቆራርጦ ለሚያነብ ሰው ይሄ በቀላሉ አይታየውም። በመሃል ያለውስ? ከዝሙት ራቁ። ተዋደዱ። በጸጥታ ኑሩ፣ በእጃችሁ ሥሩ። የፈሩትን አጽናኑ፣ ደካሞችን ደግፉ፣ ሁሉን ታገሡ። ለክፉ ክፉ አትመልሱ። የተሰሎንቄ ሰዎች ጌታን ሲጠብቁ እንዲሠሩት የተነገራቸው ይሄ ነው። ሌላ የተደበቀ ዝርዝር የለም። ለዚህ ክፍል ብቻ ቢሆን አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር።

አሁን ወደ መርፌው።

አፑን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት መለኪያ ነው፤ እንደ መኪና ነዳጅ መለኪያ ያለ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ የሚሄድ። «የዘመኑ ፍጻሜ ምን ያህል ቀርቧል» ይላል። ጦርነት ሲነሳ መርፌው ይጨምራል፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ይጨምራል፣ የዋጋ ንረት ዜና ሲወጣ ይጨምራል። ወደ ኋላ ሲመለስ ግን አላየሁም። ሁለት አገሮች እርቅ ቢፈጽሙ እንኳ አይነቃነቅም። የማይወርድ መለኪያ ምን እንደሚለካ የገባው ሰው ካለ ይንገረኝ።

የመሬት መንቀጥቀጡን ጉዳይ ትንሽ ላብራራ። አፑ የእያንዳንዱን ዜና ለብቻ ስለሚልክ፣ ዓለም በድንገት መንቀጥቀጥ የጀመረች ይመስላል። መጠናቸው 5 እና ከዚያ በላይ የሆኑ መንቀጥቀጦች ግን በዓመት ከሺህ በላይ ይመዘገባሉ። አነስተኞቹ ከዚያም በብዙ ይበልጣሉ። ድሮ ባሕር መሃል የደረሰውን የሚመዘግብ መሣሪያ አልነበረም፤ ዛሬ በየቦታው አለ። የምንሰማው የበዛበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ደግሞስ ጌታ ራሱ ጦርና የጦር ወሬ ትሰማላችሁ ካለ በኋላ የጨመረው ምን ነበር? «ተጠበቁ፥ አትደንግጡ… መጨረሻው ገና ነው»። አፑ የጥቅሱን ፊተኛ ግማሽ በቀይ ጽፎ ይልክላችኋል። ሁለተኛውን ግማሽ በድምፁ ክፍል ታገኙታላችሁ።

ማንቂያው ሌላ ጣጣ ነው። ስልኩ ድምፅ አልባ ላይ ቢሆንም ይጮኻል፤ ሲጫን የሚጠይቀው ፈቃድ ውስጥ ያስገቡታል። አንድ ሌሊት ሕመም ሲያሰቃያቸው አምሽተው ገና እንቅልፍ የወሰዳቸው አባት አጠገብ ቆሜ፣ ጉልኮስ እየቀየርኩ፣ ኪሴ ውስጥ ቀንደ መለከት ተነፋ። አዎ፣ የመረጡት ድምፅ ቀንደ መለከት ነው። ሽማግሌው ነቁ። «ምንድነው እሱ ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የሆነ አገር ባንክ አዲስ የክፍያ ካርድ ማውጣቱን ነበር የሚያበስረው፤ ያለሱ መግዛትና መሸጥ አይቻልም ከተባለው የራእይ 13 የአውሬው ምልክት ጋር አያይዘውት መሆኑ ነው። «ስልክ ነው አባባ፣ ይተኙ» አልኳቸው። እስኪተኙ ድረስ እጃቸውን ይዤ ቆየሁ።

ወርሃዊ ክፍያ ያለው ደረጃም አለ። ከፋይ አባላት ማንቂያው ቀድሞ ይደርሳቸዋል ይላል። ይህን ሳነብ ሁለቴ አየሁት። ስለዚያች ቀንና ሰዓት የሰማይ መላእክትም አያውቁም ተብሎ ተጽፏል፤ ፕሪሚየም አባላት በምን ሂሳብ እንደቀደሙ እንጃ።

ለፍትሕ ያህል፣ አፑ ቀን አይቆርጥም። ከብዙዎች ይሻላል። ዊልያም ሚለር የተባለው ሰባኪ ተከታዮች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ሲጠብቁ፣ ሰብላቸውን ሳያጭዱ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። በዘመናችንም ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው የሬዲዮ ሰባኪ ሜይ 21 ቀን 2011 ብሎ በየመንገዱ ማስታወቂያ ተሰቀለ። ቀኑ አለፈ። ኦክቶበር 21 አለ፣ እሱም አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2012 ስህተት መሆኑን በይፋ አመነ፤ ይህን ማድረጉን አከብርለታለሁ። አፑ ከነዚህ የተማረው ግን ቀን አለመጥራትን ብቻ ነው። ሰውን በየቀኑ «ነገ ሳይሆን አይቀርም» ውስጥ ማቆየት ያው ነው። ጴጥሮስ ጌታ የዘገየ የሚመስለን ሁሉ ወደ ንስሐ እንዲደርሱ ስለሚታገሥ ነው ይላል። መርፌው ላይ ለትዕግሥት የተተወ ቦታ የለም።

«ዝግጁ ነህን?» የሚል ፈተናም አለ፤ ሴት ብሆንም «ነህን» ነው የሚለኝ፣ ይሁን። በትንቢተ ዳንኤል ስላለው ሰባ ሱባዔ ይጠይቃል፣ ስለ አውሬው አሥር ቀንዶች ይጠይቃል፣ በራእይ ስላሉት ማኅተሞች ቅደም ተከተል ይጠይቃል። ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ከማን ጋር ተኳርፈሽ ነው የምታድሪው ብሎ አልጠየቀኝም። የሰው ገንዘብ እጅሽ ላይ አለ ወይ አላለኝም። ማቴዎስ 25 ላይ ንጉሡ የሚያነሳቸው ጉዳዮች የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ፣ የታረዘ፣ የታመመ፣ የታሰረ ናቸው። ስለ ቀንድ የሚጠየቅ ሰው እዚያ የለም። ትንቢት አይጠና ማለቴ አይደለም፤ ይጠና። ግን «ዝግጁ» የሚል ምስክር ወረቀት በዚህ መስጠት አደጋ አለው።

ስለ ውይይት ክፍሉ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ አክስቴም እዚያ ናቸውና። ደግ ሰዎች አሉበት። አንዷ የሌሊት ሥራ ላይ እንደሆንኩ ሰምታ ስትጸልይልኝ ከርማለች። አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። የጎርፍ ወይም የርዕደ መሬት ዜና ሲለጠፍ ከሥሩ «ደስ ይበላችሁ፣ ቀረበ!» የሚሉ አሉ። ራሳችሁን አንሡ፣ ቤዛችሁ ቀርቧል ተብሏል፤ አውቃለሁ። ግን ርዕደ መሬት እኔ ዘንድ ሲደርስ ምልክት ሆኖ አይመጣም። አጥንቱ የተሰበረ ሰው፣ እናቱን የሚፈልግ ልጅ፣ የሚያልቅ ደም ሆኖ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ይህንኑ ጻፍኩ። አክስቴ በግል መለሱልኝ፦ «ልክ ነሽ። ለነሱ እንጸልይ»። ከዚያ ወዲህ እሳቸው እያንዳንዱ ዜና ሥር የጸሎት ርዕስ ይጽፋሉ። ከአፑ አዘጋጆች ይልቅ እሳቸው ናቸው ክፍሉን ያሻሻሉት።

ጌታን መጠበቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል፣ እኔን ግን ሁሌ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 1780 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ሰማዩ በቀትር ጨለመ። ምክንያቱ የደን ቃጠሎ ጭስ ከጉምና ከደመና ጋር ተደርቦ ነው ይባላል፤ ያኔ ግን ብዙ ሰው የፍርድ ቀን መጣ አለ። የኮኔቲከት ምክር ቤት ሃርትፎርድ ላይ ተሰብስቦ ነበርና ይበተን የሚል ሐሳብ ቀረበ። አብርሃም ዳቨንፖርት የተባለ አባል ተቃወመ። የፍርድ ቀን ካልሆነ የምንበተንበት ምክንያት የለም፤ ከሆነም ሥራዬን ስሠራ ልገኝ፣ ሻማ ይምጣልን ነው ያለው። ይህን ሰው የሚያህል አፕ ቢሠራልኝ እከፍልበታለሁ። ጠዋት ማንን እንደማስታምም ቢጠይቀኝ፣ ማታ ከማን ጋር እንደምታረቅ ቢያስታውሰኝ፣ በመሃል ሉቃስ 12ን ቢያሰማኝ ይበቃኛል። እዚያ ላይ ጌታው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክፍለ ሌሊት ቢመጣ ይላል። ሁለቱም የኔ ሰዓት ናቸው።

አንድ የረሳሁት አለ። «ተከታታይ ቀናት» የሚል ቆጣሪ አለው። አንድ ቀን ካልከፈታችሁት ወደ ዜሮ ይመለስና «መብራትህ ጠፍቷል» ይላል። ደርቤ ስሠራ አደርኩና ጠፋብኝ። በዚያች ሌሊት ክፍላችን ውስጥ መብራቱን ያላጠፋነው እኛ ነበርን። ተናደድኩ፣ አልደብቅም።

በአጠቃላይ ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል። ሁለቱ ለድምፁና ለንባብ ዕቅዱ፣ ግማሹ ለአክስቴ።

ብትጭኑት እንዲህ አድርጉ። መቼት ውስጥ ግቡና ማንቂያዎችን በሙሉ አጥፉ፤ ስልኩ ድምፅ አልባ ሲሆን የመጮህ ፈቃዱንም ለብቻ ንሱት። መክፈቻ ገጹን ከመለኪያው ወደ «ንባብ» መቀየር ይቻላል፣ ቀይሩት። ድምፁን በዋይፋይ አውርዱ፣ ከባድ ነው። ክፍያውን ጀምራችሁ ከሆነ ደግሞ አፑን ከስልካችሁ መሰረዝ ብቻ ክፍያውን አያቆመውም። ወደ አፕ መደብሩ የክፍያ ገጽ ገብታችሁ ለየብቻ ሰርዙት።